የወንድማማቾች ማኅበር

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ጨዋታ ነው። የቡና ላይ ጨዋታ ማለቴ አይደለም፤ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። አንባቢ «ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ስለዚህ ደግሞ ምን ይጽፋል?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በዚሁ ጨዋታ ሰበብ ከእናቴ ልጅ ጋር ዐሥራ አምስት ዓመት ተኳርፈናል። ተኳርፈናል ስል፣ ሠርግ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንዳችን ጣራ አንዳችን ወለል እያየን፣ በእናታችን ተዝካር ላይ እንኳ በሰው በኩል «ጠላው ደርሷል ወይ በሉት» እየተባባልን ማለቴ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። እንዴት እንደነበረ ለመናገር ግን ከሩቅ መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ክረምቷን ያውቃል። ጉና በጉም ተከናንቦ ይሰነብታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። የ1990 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከሌላው ክረምት ሁሉ የባሰ ነበር። ግንቦት ላይ በባድመ ጦርነት ተጀምሮ ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ ጆሮውን እዚያው ላይ ደፍቷል። እኔ ዐሥራ አምስት፣ ታናሼ ዐሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ቡሄ እስኪደርስ ጅራፍ ከመግመድ በቀር ሥራ የለንም። በኛ ከተማ ቡሄ እንደ ሌላው አገር አንድ በዓል ብቻ አይደለም፤ የከተማዋ የራሷ ስም የተጠራበት ቀን ስለሆነ ልጆች ሁሉ እንደ ባለቤት ነው የሚኩራሩበት።

በዚያን ጊዜ ከገበያው መውጫ አንድ የጽሕፈት መኪና ማሠልጠኛ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፤ እኔም ዛሬ በዚያው ስም እተዋቸዋለሁ። ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናዎች ተደርድረው በአንዱ ጥግ፣ እናት ለሙሽራ ልጇ በሠራችው በሚመስል ዳንቴል ተሸፍኖ አንድ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ጋሼ ከባሕር ዳር፣ ሥራውን ጨርሶ ከሚወጣ አንድ ድርጅት ነበር የገዙት። የጽሕፈት ተማሪዎች ስድስት ወር ኦሊቬቲ ላይ ተንጫጭተው ካልጨረሱ በስተቀር አጠገቡ አይደርሱም። እኔና ታናሼ ግን ውኃ እየቀዳንና ወለል እየጠረግን በቀን ግማሽ ሰዓት እናገኝ ነበር። ውሉ ውሉ ነው፤ ጋሼ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና «ጀምሩ!» ይሉናል።

ጨዋታውን በፍሎፒ ያመጣው ጎንደር ሕክምና የሚማር የጋሼ የወንድም ልጅ ነው። ዲስኩን ለቀን ትቶልን ሄደ፤ ትቶት የሄደው ግን ዕድሜያችንን ነበር። «የፋርሱ ልዑል» ነው። ልዑሉ እስር ቤት ውስጥ ይጣላል፤ ጃፋር የሚባለው ክፉ ምስለኔ ልዕልቲቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይ ታግባኝ ወይ ትሙት ብሏል፤ ልዑሉ በስድሳ ደቂቃ ውስጥ ከምድር ቤት እስከ ግንቡ ጫፍ መድረስ አለበት። ታሪኩስ ተራ ነው። ያፈዘዘን አረማመዱ ነበር። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ የጥምቀት ዕለት ታቦት ሊያጅብ የወጣ ጎረምሳ መስሎ፣ እውነተኛ ሰው በሚሮጥበት አሯሯጥ ይሮጣል፤ ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል፤ ዘልሎ ጠርዙን በጣቱ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ራሱን ጎትቶ ይወጣል። ታናሼ መጀመሪያ ያየው ዕለት «ይኸ ሰው ነው!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ልክ ነበር፤ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ ያወቅነው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ጨዋታው ሲከፈት ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጽሑፍ «ብሮደርቡንድ» ይላል። እኛ የሰው ስም መስሎን ነበር፤ እኔ የንጉሡ ነው ስል ታናሼ የምስለኔው አያት ነው ይለኛል።

ታዲያ ገና ከመነሻው አንድ ክፍል አለ። ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በየብልቃጡ አናት ላይ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ከታች «በመጽሐፉ ገጽ ይህን ያህል፣ መስመር ይህን ያህል፣ ቃል ይህን ያህል ላይ ያለውን የመጀመሪያ ፊደል የያዘውን ጠጣ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። መጽሐፉ ማለት ጨዋታውን በገንዘቡ የገዛ ሰው በካርቶኑ ውስጥ የሚያገኘው መምሪያ ነው። ሌባ ከገዢ የሚለየው በዚያ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ መጽሐፉ ከየት ይመጣል! የተሳሳተውን የጠጣ ልዑል ይመረዛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ግማሽ ሰዓታችን በመርዝ አለቀ።

ዘዴውን ያመጣው ታናሼ ነው። ጥያቄዎቹ ተመልሰው እንደሚመጡ ያስተዋለው እሱ ነበር። ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዛንና ገጹን፣ መስመሩንና ቃሉን እየጻፍን ልዑሉ የሞተበትን ፊደል እንሰርዛለን፤ የዳነበትን እናከብባለን። በጳጉሜ መጨረሻ ሠላሳ ሰባት መልሶች ነበሩን። ያላየነውን መጽሐፍ እየሞትን ጻፍነው ማለት ነው። ዝናው ወጥቶ ከፋርጣ ገጠር የመጣ ተማሪ ሳይቀር ደብተሩን ሊያይ ሳንቲም ይሰጠን ነበር። ጎንደሬው የጋሼ ዘመድ በበዓል ሲመለስ «አትልፉ፤ ሲከፈት ፕሪንስ ሜጋሂት ብላችሁ ብትጽፉ ደረጃ መዝለል ይቻላል» አለን። ታናሼ አልወደደለትም። ቃሉ ሁለት ቀን አገለገለንና ተውነው።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጨዋታ የሚባለውን ነገር በሁለት ቀን ብቻ ነው የሚፈቅዱት፤ ለገና ገና፣ ለቡሄ ጅራፍ። ከዚያ ውጭ ያለው «የሥራ ፈት» ነው። እዚህ ላይ አባባን ብሞግት አይቀየሙኝም፤ ከእኛ ከተማ የበለጠ ጨዋታ የሚያከብር ቤተ መንግሥት ያለፈበት ቦታ ብዙ አይመስለኝም። በየጁ መሳፍንት ዘመን፣ ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ በነበረች ጊዜ የአገራችን መኳንንት ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በ1849 እ.ኤ.አ. ከራስ ዓሊ ጋር ውል የተዋዋለው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመለት መጽሐፉ ስለ አጨዋወቱ ጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በአጀማመሩ ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጅ በእጅ እየተሻሙ፣ እንዳሻቸው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው ይህ፤ ስሙም ወረራ ይባላል። ተራ መጠበቅ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የዘመነ መሳፍንትን ፖለቲካ በአጭሩ የሚያስተምር ጨዋታ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የሚያሳዝነው ግን ይህን ደንብ ዛሬ ከከተማችን ልጆች መካከል የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

ወደ ብሮደርቡንድ ልመለስ። ነገሩን ያነበብኩት በ2012 ዓ.ም. ለሥልጠና ባሕር ዳር ሰንብቼ ሳለ፣ እዚያ በምትማረው ልጄ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የሰው ስም አልነበረም። ዳግ ካርልስተን የሚባል፣ ሕግ የተማረና ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ጠበቃ የነበረ ሰው ሌሊት ሌሊት በትንሽ ኮምፒዩተር የጠፈር ነገሥታት የሚዋጉበት ጨዋታ ይጽፋል። ጥብቅናውን ተወና ኦሪገን፣ ዩጂን ከተማ ወደሚኖረው ወንድሙ ወደ ጋሪ ሄደ። ጋሪ ስዊድን ኖሮ የተመለሰ፣ ንግድ ሞክሮ ያልቀናው ሰው ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ኩባንያ አቋቋሙና ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ቃል ለቃል አጣብቀው ስም አወጡለት፤ ትርጉሙ የወንድማማቾች ማኅበር ማለት ነው። ቆይቶ እኅታቸው ካቲ ገባችበት።

ይህን ሳነብ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ወደ ጣና ዳር ወጣሁ። ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

በዚያ ዘመን ጨዋታ በዲስክ ወይም በካሴት ተቀድቶ በላስቲክ ከረጢት ነበር የሚሸጠው። ወንድማማቾቹ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ራፋኤል ተሻግረው የሠሩት ሥራ የመጽሐፍ አሳታሚ ሥራ ነው። የራሳቸውን ብቻ አልሸጡም፤ በየቤቱ ብቻውን ተቀምጦ የሚጽፈውን ልጅ ፈልገው «አንተ ጻፍ፤ እኛ እናሳትምልህ፤ ከሽያጩ ድርሻህን ትወስዳለህ» ይሉታል። ቾፕሊፍተር የዳን ጎርሊን፣ ሎድ ራነር የዳግ ስሚዝ ሥራ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ማንም ሰው በቤቱ ካርድና ማስታወቂያ የሚያትምበትን «ፕሪንት ሾፕ» አወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሌባ እያሳደዱ ጂኦግራፊ የሚማሩበትን የካርመን ሳንዲዬጎን ጨዋታ አወጡ፤ በካርቶኑ ውስጥ የዓለም መረጃ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ አብሮ ነበር። አባባ ይህን ቢያዩ «የሥራ ፈት» ከማለታቸው በፊት ጥቂት ያስቡ ነበር እላለሁ።

ጆርዳን መክነር ገና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ካራቴካ የሚባል ጨዋታ አሳትመውለታል። ከዚያ የፋርሱን ልዑል ሊሠራ ተነሣ፤ አራት ዓመት ፈጀበት። የዚያን ጊዜ ማስታወሻውን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን፣ የትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ ነጭ ልብስ አልብሶ ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲንጠለጠል በቪዲዮ ቀረፀው። ፊልሙን ቅጽበት በቅጽበት ቆራርጦ፣ የወንድሙን ክንድና እግር በነጥብ በነጥብ ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠው። ሙዚቃውን አባቱ ደረሱለት። ታናሼ «ይኸ ሰው ነው!» ያለው ያ ልጅ ነበር። በደብረ ታቦር ክረምት፣ በአንድ ዳንቴል ሥር፣ የሰው አገር ታላቅ ወንድም የራሱን ታናሽ ሲያስሮጥ እያየን ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ስለ ጥላው የጻፈው ነው። ጨዋታውን የተጫወተ ያስታውሳል፤ በአራተኛው ደረጃ ላይ መስተዋት አለ፤ ልዑሉ ሮጦ ዘልሎ ሲያልፍበት ከራሱ ውስጥ አንድ ጥላ ወጥቶ ወደ ሌላው ወገን ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ሊጠጣው የፈለገውን ብልቃጥ ይጠጣበታል፤ በር ይዘጋበታል፤ ገደል ይጥለዋል። ይህ ጥላ የተወለደው ከድህነት ነው። የአፕል ኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ለጠላት የሚሆን ሥዕል ማስገቢያ ቦታ አልተረፈም። ቶሚ ፒርስ የምትባል ባልደረባው ግን ጨዋታው ባዶ ነው፣ ውጊያ ያስፈልገዋል እያለች ትወተውተዋለች። መክነር ሌላ ሥዕል ሳይጨምር የልዑሉኑ ሥዕል በራሱ ላይ ጥቂት አንሸራቶ ቢደራርበው የሚያብረቀርቅ ጥላ ሆነ። ጠላት ለመፍጠር ቦታ ቢያጣ ሰውየውን ለራሱ ጠላት አደረገው።

በመጨረሻ ግንቡ አናት ላይ ከጥላው ጋር ሰይፍ ይማዘዛሉ። ጥላውን ስትወጋው የሚያልቀው ያንተ ሕይወት ነው። ከገደልከው ትሞታለህ። እኔና ታናሼ በዚህ ቦታ ሁለት ወር ቆመናል። መፍትሔው ሰይፍን ወደ አፎቱ መልሶ ባዶ እጅ ወደሱ መሄድ ነው፤ አንድ ይሆናሉ። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁት ግን በጥበብ አይደለም፤ መብራት ሊጠፋ ብልጭ ድርግም ሲል ደንግጬ የተሳሳተ ቁልፍ ተጫንኩ።

ጨዋታው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሚገዛው አልነበረም። የወጣው ለአፕል 2 ነው፤ አፕል 2 ደግሞ በመሞት ላይ ያለ ማሽን ነበር። በሌሎች ኮምፒዩተሮች ተሠርቶ፣ በጃፓንና በአውሮፓ ዞሮ ከተመለሰ በኋላ ነው ስሙ የተነሣው። አሳታሚ ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጊዜ የሚታገሥ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በ1996 ዓ.ም. የአባባን የልብስ ስፌት መኪና ሸጠን፣ ከዕቁብ ጨምረን፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየን። ኮምፒዩተር ማሠልጠን፣ ጽሑፍ መተየብ፣ ፎቶ ኮፒ። ማስታወቂያው ላይ «ሁለቱ ወንድማማቾች» ብለን በቀይ ቀለም አስጻፍን። ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም ነበሩን፤ ማንም እንደሚያደርገው ከሰው የቀዳናቸው ናቸው፤ ለሠሪዎቻቸው አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። የዚያን ጊዜ ሕሊናዬን አልቆጠቆጠኝም፤ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል ብል ግን እውነት ይሁን ማስመሰል እኔም አላውቅም።

ታናሼ ቀን ያስተምራል፣ ማታ በሩን ዘግቶ ይጽፋል። የሚጽፈው የገበጣ ጨዋታ ነበር። በልጅነታችን መሬት ቆፍረን በጠጠር የምንጫወተውን፣ በሬሳና በሥራ መካከል አረጋውያን ጥላ ሥር የሚጫወቱትን ገበጣ ወደ ኮምፒዩተር ሊያመጣው ነው። ቀላል አይምሰላችሁ። ገበጣ አንድ ሕግ የለውም፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በየአገሩ ያለውን ዓይነት እየለዩ ዘርዝረውታል። ታናሼ ይህን ጥናት አላየም፤ እሱ የጋይንቱን ከጋይንት ሰው፣ የፎገራውን ከወረታ ነጋዴ እየጠየቀ ነበር የሚሠራው። ጠጠር ዘሪው ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ብቻ ሦስት ወር ቆየ። ሁለት ዓመት ያህል ሠራው። እኔ «ስንት ያወጣልሃል?» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ግንቦት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ልጁን ተይበህ ትማራለህ ብለው ገንዘብ ከፍለው ልከውት፣ ሲከታተሉት ለካ ማታ ማታ ታናሼ ዘንድ ጨዋታ ላይ ኖሯል። ሰው በተሰበሰበበት «እናንተ ልጅ አስተማሪ ናችሁ ወይስ ልጅ አጥፊ?» አሉን። ታናሼ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄዷል። እኔ አፈርኩ፤ በእሳቸው ፊት፣ በደንበኞቹ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና «ጨዋታ» የሚለውን መዝገብ እንዳለ ሰረዝኩት። የፋርሱ ልዑልም፣ የመኪና እሽቅድድሙም፣ ሁሉም። ገበጣው እዚያው ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ለእናታችን ምያለሁ፤ አውቅ ነበር።

ሲመለስ አልጮኸብኝም። ማሽኑን ከፍቶ አየ፤ ዘጋው። በማግስቱ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ። ሱቁ እኔ ዘንድ ሦስት ዓመት ቆይቶ ተዘጋ፤ ማስታወቂያው ግን እስኪያረጅ ተሰቅሎ ነበር። መንገደኛ «ሁለተኛው ወንድም የታል?» እያለ ሲጠይቀኝ «መጣ፣ ሄደ» እላለሁ።

የነዚያኞቹ ወንድማማቾችስ? ጋሪ በ1989 እ.ኤ.አ. ከሥራው ወጣ፤ ኩባንያው በ1991 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ሚስት» የተባለውን ጨዋታ አሳትሞ ሚሊዮኖች ገዙት። ከዚያ ወዲያ ያለው የነጋዴ ታሪክ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ብሮደርቡንድ «ለርኒንግ ካምፓኒ» የሚባለውን ሊጠቀልል ሲስማማ ሶፍትኪ የሚባል ሌላ ኩባንያ በዋጋ በልጦ ነጠቀው፤ የነጠቀውንም ስም ለራሱ አደረገ። ይኸው ድርጅት ተመልሶ በ1998 እ.ኤ.አ. ብሮደርቡንድን ራሱን በ420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ አምስት መቶ ያህል ሠራተኞችም ተሰናበቱ። በሚቀጥለው ዓመት የባርቢ አሻንጉሊት ሠሪው ማቴል ሁሉንም ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛና ከሰረ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በነፃ ለመስጠት ምንም ባልቀረው ዋጋ ከእጁ አወጣው። ሽያጩ የተፈጸመው በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ስቆጥር እኔና ታናሼ ደብተሩን ይዘን ብልቃጥ የምንመርጥበት ክረምት ሆኖ አገኘሁት። ስማቸው በየቀኑ ደብረ ታቦር ውስጥ ሲበራ እነሱ ጠረጴዛ እያጸዱ ነበር።

ጆርዳን መክነር ግን የጨዋታውን መብት ለራሱ አስቀርቶ ስለነበር ልዑሉ አብሮ አልተሸጠም። የመጀመሪያዎቹን ዲስኮች ጠፍተዋል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. አባቱ ቤት ሲያጸዱ አሮጌ ሣጥን ውስጥ አገኟቸውና ላኩለት። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ጽሑፍ ተነበበ፤ እሱም ማንም እንዲያየው ለዓለም ለቀቀው። ይህችን ታሪክ ያነበብኩት ሌሊት ነው። የዚያ ልጅ አባት ሣጥን ይጠብቃሉ፤ እኔ እሰርዛለሁ።

ልጄ በዚያው ሰሞን ስልኳን ሰጥታኝ «አባዬ፣ ይህን ሞክር» አለችኝ። ኩኩሉ ነው። ወጥ ሊያደርጋት ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሸሽ ዶሮ። የሠራው አዲስ አበባ ያለው፣ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የአፕስ አፍሪካ ሽልማት አግኝቶበታል። ዶሮዋ እየሮጠች እኔ ሳቅኩ። ቀጥላ «ሌላም አላቸው» ብላ ገበጣ ከፈተችልኝ። ጉድጓዶቹ፣ ጠጠሮቹ፣ ሲዘሩ የሚሰማው ድምፅ። «ራሴን አሞኛል» ብዬ ስልኩን መለስኩላት። በሰዎቹ ሥራ ቀንቼ አልነበረም፤ እንኳን ሠሩት። ከእኛ ቤት አንድ ሰው ቀደም ብሎ ጀምሮት እንደነበር የማውቀው እኔና እሱ ብቻ መሆናችን ነው የከበደኝ።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የእናታችን ቤት ጣራ ማፍሰሱ በዛና ቆርቆሮውን አስቀየርኩ። አናጢው ከኮርኒሱ ላይ አንድ የላስቲክ ጥቅል ወረወረልኝ። ደብተሩ ነበር። እናታችን የኛን ወረቀት ጥላ አታውቅም። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ፊደሎቹ ግን ይነበባሉ። ገልብጬ ከኋላ ብከፍተው በታናሼ እጅ ጽሑፍ አራት ገጽ የገበጣ ሕግ አገኘሁ፤ ከአያታችን የጠየቀው ነው፤ «እምዬ እንዳሉት» ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያስብበት ነበር ለካ።

ፎቶ አንሥቼ ልልክለት ፈለግሁ። በዚያ ወር ግን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ መቋረጡም ዓመት ገደማ ቆየ። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ደብተሩን ጨርቅ ጠቅልዬ ወራት አስቀመጥኩትና በ2016 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ለምትሄድ የአክስታችን ልጅ ሰጠሁ። ደብዳቤ ልጽፍበት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። መጨረሻ ላይ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት «እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር» ብዬ ጽፌ በደብተሩ መሐል አስገባኋት።

ሦስት ሳምንት ዝም አለ። በአራተኛው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ሰላምታ የለም።

«ገጽ 11፣ መስመር 2፣ ቃል 3» አለኝ።

መንገዱ ላይ ቆምኩ። ደብተሩ እሱ ዘንድ ነው። ዐይኔን ጨፈንኩ፤ የተከበበችው ፊደል መጣችልኝ።

«ኤች» አልኩት።

ጥቂት ቆየ። ከወዲያ በኩል የሕፃናት ጫጫታና የፕለይስቴሽን ድምፅ ይሰማል፤ ኮተቤ ጨዋታ ቤት ከፍቶ እንደሚኖር ከሰው ሰምቼ ነበር።

«ወረቀትህን አየኋት» አለኝ። «እኔም እንደምታውቅ አውቅ ነበር።»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እሱም መልስ አልጠበቀም።

«ጣራው ስንት ቆርቆሮ ፈጀ?» አለኝ።